«ለአላህ ብለሽ ሥሪ» የሚባልበት ቢሮ

ጥያቄ፦

አሰላሙ ዐለይኩም የዓምዱ አዘጋጆች። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ እስላማዊ በጎ አድራጎት ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት ከተቀጠርኩ አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆነኝ። ደመወዜ 18,000 ብር ነው። ሥራውን እወደዋለሁ። የቲሞችን (ወላጅ ያጡ ልጆችን) እናስተምራለን፣ ረመዳን ላይ ኢፍጣር፣ አረፋ ላይ ኡድሒያ (የዒድ እርድ ሥጋ) እናከፋፍላለን። የከበደኝ ቢሮው ነው። ደመወዝ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይዘገያል። ለረመዳን ምሽቶችና ለዒድ ቀን ሥራ ምንም አይከፈለንም፤ ስንጠይቅ «ለአላህ ብላችሁ ሥሩ፣ ኢኽላሳችሁ (ለአላህ ብቻ ብሎ መሥራታችሁ) የት ሄደ?» እንባላለን። ዳይሬክተራችን ሸይኽ ናቸው። ሰው ፊት ያመናጭቁናል፤ እርስ በርስ ስናወራ ደግሞ «ጊባ (ሐሜት) ነው» ይሉናል። ኸልዋ ይሆናል ተብሎ የበጀት ስብሰባ ላይ ሴቶች አንጠራም። የቦርዱ ሰብሳቢ አማቻቸው ናቸው። ሰሞኑን የአረፋውን ሒሳብ ስንዘጋ የ40 በሬ ሰነድ አምጥተው «ያረጋገጠው» የሚለው ቦታ ላይ ፈርሚ አሉኝ። የተረከብነው ግን 31 ነው። «የቀረው ለቢሮ ኪራይ ውሏል፣ ያው ለዳዕዋ (ሃይማኖትን ለማስተማር) ነው» ተባልኩ። እስካሁን አልፈረምኩም። እናቴ ሰብር አድርጊ ትለኛለች፣ ባለቤቴ ዛሬውኑ ልቀቂ ይለኛል። ኢስቲኻራ (አላህ የሚሻለውን እንዲመርጥልኝ) እየሰገድኩ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላህ፣ እህታችን።

ደብዳቤሽን የሞላው ቁጣውና የደመወዙ መዘግየት ነው፤ የበሬዎቹን ነገር መጨረሻ ላይ ጠቀስ አድርገሽ አልፈሽዋል። እኛ ግን ከበሬዎቹ እንጀምራለን። ሌላው ሁሉ አንድ ወር ቢቆይ አይበላሽም። ፊርማ ግን አንዴ ከእጅሽ ከወጣ የሚመልሰው የለም።

ሒሳቡን አብረን እንየው። አንድ በሬ ለሰባት ሰው ኡድሒያ ይሆናል፤ በግና ፍየል ለአንድ ሰው ነው። ስለዚህ 40 በሬ 280 ድርሻ ነው፣ 31 በሬ ደግሞ 217 ድርሻ። ልዩነቱ 63 ነው። ይህም ማለት 63 ሰዎች ገንዘባቸውን ልከው «በስሜ ታርዷል» ብለው ተቀምጠዋል፤ አልታረደላቸውም። የእርዱ ቀናት ስላለፉ ነገ በሬ ገዝቶ ማካካስም አይቻልም። ድርጅቱ ለእነዚህ ሰዎች ወኪል ነው፤ ወኪል ደግሞ ከታዘዘው አይወጣም። ኪራዩ የቱንም ያህል ቢያስጨንቅ፣ የገንዘቡን ዓላማ ለመለወጥ የሚፈቅደው ላኪው እንጂ ዳይሬክተሩ አይደለም። «ለዳዕዋ ነው» የሚለው ቃል ይህን አይለውጠውም።

ኪራይ መክፈል በራሱ ነውር የለበትም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከጠቅላላ ገቢ እስከ 20 በመቶ ለአስተዳደራዊ ወጪ እንዲውል ይፈቅዳል። ዘካን በተመለከተም በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ከተዘረዘሩት ስምንት ተቀባዮች አንዱ በዘካ ሥራ ላይ የተሰማሩት ናቸው። ለኪራዩ ሕጋዊ በር ነበረው፤ ችግሩ በዚያ በር አለመግባታቸው ነው።

ማንንም ከመጠርጠርሽ በፊት ግን አራት ሰነዶችን ጎን ለጎን አስቀምጪ፦ ለጋሹ የላከውን የድርሻ ዝርዝር፣ የበሬዎቹን የግዢ ደረሰኝ፣ የመረከቢያ ሰነዱን፣ እንዲሁም ፊርማና የጣት አሻራ ያለበትን የስርጭት መዝገብ። አንዳንዴ ዘጠኙ በሬ በቀጥታ ወደ ሌላ ማከፋፈያ ተልኮ አንቺ ዘንድ ወረቀቱ ብቻ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል። ግዢው ራሱ 31 ከሆነ ግን ጥያቄው ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚያ የሚጠበቅብሽ በቃል መከራከር አይደለም። «ያረጋገጠው» ብሎ መፈረም «ሰነዱን ከደጋፊ ማስረጃው ጋር አመሳክሬ አንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ማለት ነው። አንድ እንዳልሆነ እያወቅሽ ከፈረምሽ፣ ኦዲተር ሲመጣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ ሐሰተኛ ሰነድ ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቃል። ያኔ «ታዝዤ ነው» ማለት ብዙ አያድንሽም። ስለዚህ አጭር ማስታወሻ ጻፊ፣ በዚህ ዓይነት፦

«ለዋና ዳይሬክተር። ጉዳዩ፦ የኡድሒያ ሒሳብ ሰነድ። ለማረጋገጫ በቀረበልኝ ሰነድ የተመለከተው 40 በሬ ሲሆን በመረከቢያ ሰነዱ የሚታየው 31 ነው። የ9 በሬው ልዩነት ማስረጃ እስኪቀርብ ወይም ሰነዱ በተረከብነው ልክ እስኪስተካከል ድረስ በማረጋገጫው ላይ ለመፈረም የምቸገር መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።»

ከዚህ የዘለለ አንድም ቃል አትጨምሪ። «ስርቆት»፣ «አማና መብላት»፣ «አላህን ፍሩ» የሚሉ ቃላት ከገቡበት ወሬው ከበሬዎቹ ወጥቶ ስለ አንቺ አዳብ ይሆናል። ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን መመለስ የሚቻለው በቁጥር ነው። በሁለት ቅጂ አትሚው፤ አንዱን መዝገብ ቤት ወይም ጸሐፊዋ ጋ አስገብተሽ ሌላው ላይ ቀንና ቁጥር አስጽፊበት። አንቀበልም ካሉሽ ፖስታ ቤት ሄደሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪው፣ ደረሰኙንም ያዢ።

ሸይኹን ግን ጥግ አታስይዟቸው፤ መውጫ ያስፈልጋቸዋል። ለጋሹ እውነተኛ ሪፖርት ይጻፍለት ብለሽ ረቂቁን ራስሽ አዘጋጂ፦ የታረደው 31 እንደሆነ፣ የተረፈው ገንዘብ ይህን ያህል እንደሆነ፣ ይመለስ ወይስ በፈቃዳችሁ ለሌላ አገልግሎት ይዋል የሚል። ለጋሽ የሚቆጣው ከሁሉ በላይ ሲዋሽ ነው፤ ቀድሞ የተነገረውን ጉድለት አብዛኛው ይረዳል። ገንዘቡ ኪራይ ላይ ከዋለ ደግሞ ከአስተዳደር በጀት እየተቆረጠ እስከዚህ ወር ይመለሳል የሚል የመክፈያ ሠንጠረዥ አያይዢበት።

ኢስቲኻራሽን በተመለከተ፣ ኢስቲኻራ የሚሰገደው ከሁለት የተፈቀዱ ነገሮች የቱ ይሻለኛል ሲባል ነው። መልቀቅና መቆየት ላይ ስገጂ። ሐሰተኛ ሰነድ ላይ መፈረም ግን የሚመረጥበት ነገር ስላልሆነ ኢስቲኻራ አይገባውም።

አሁን ወደ ደመወዙ እንሂድ። «ለአላህ ብለሽ ሥሪ» የሚለው ንግግር ትክክል ነው፤ ያለ ቦታው ነው የገባው። ኒያሽ (የልብሽ ሐሳብ) በአንቺና በጌታሽ መካከል ነው፣ ደመወዝሽ በአንቺና በአሠሪሽ መካከል፤ አንዱ ሌላውን አያወራርድም። ሠራተኛን ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚለውን የኢብን ማጃህ ዘገባ ሸይኹ ከአንቺ በተሻለ ያውቁታል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሰል ቁድሲም አላህ በትንሣኤ ቀን ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሙሉ ሥራ አሠርቶ ዋጋውን ያልከፈለ ነው። የሰው ገንዘብ ባለቤቱ ከልቡ ወዶ ካልሰጠው ሐላል አይሆንም፤ የሰው ምሽትም እንዲሁ። በበጎ ፈቃድ ማገልገል የሚፈልግ ካለ ስሙን በተለየ ዝርዝር ያስመዝግብ፣ ያልተመዘገበውም በክፉ ዓይን አይታይ። በቴሌግራም «ነገ ሁሉም እንዲገኝ» ተብሎ የታዘዘ ሥራ በጎ ፈቃድ አይባልም።

እንዲህ ያለ የቴሌግራም መልእክት ካለሽ ደግሞ ይጠቅምሻል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚጠየቀው ሥራው በአሠሪው ትእዛዝ ሲሠራ ነው፤ ብዙ ሠራተኛ የሚሸነፈው ሰዓቱን ባለመሥራቱ ሳይሆን መታዘዙን ማሳየት ስለሚያቅተው ነው። ስለዚህ መልእክቱን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ስክሪንሾት አንሺው፤ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በዚያው ቀን ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ። ከወር በኋላ በግምት የተጻፈ ሠንጠረዥ ክብደት የለውም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ በወር ሲሰላ 208 ሰዓት ይሆናል። 18,000 ለ208 ሲካፈል በሰዓት 86 ብር ከ54 ሳንቲም ይመጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5። በረመዳን 16 ምሽት ሦስት ሦስት ሰዓት ሠርተሽ ከሆነ 48 ሰዓት ነው፤ ወደ 6,230 ብር ይሆናል። አረፋ ዕለት 10 ሰዓት ከሠራሽ 2,163 ብር ገደማ ይጨመርበታል። የአረፋ ማግስት በሕጉ የሕዝብ በዓል ስላልሆነ በ2.5 አታስቢው፤ እሑድ ከዋለ ግን በ2 ነው። አንድ ቁጥር ተጋንኖ ከተገኘ ሌላውም ሁሉ ይጠረጠራል፤ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ይህን ለአንቺ መንገር አያስፈልግም ነበር።

የትርፍ ሰዓት ጣሪያም አለ፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ ካሠሩሽ ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ የሠራሽው ይከፈልሻል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ይርጋ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ያለፉት ዓመታት ኢፍጣሮች አልፈዋል፣ አትቁጠሪያቸው፤ የዘንድሮው ረመዳንና አረፋ ግን ገና በእጅሽ ነው። ሁለተኛው የሥራ መደብሽ ነው። የሥራ መሪዎች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ውልሽ ላይ «የፋይናንስ ኃላፊ» ተብሎ መቅጠርና ማባረር፣ ፖሊሲ ማውጣት የሚል ሥልጣን ከተጻፈበት በዚህ በኩል ሊከራከሩሽ ይችላሉ። ያለ ደመወዝ ጭማሪ የሚሰጥ የክብር ማዕረግ ሲመጣም አስቢበት።

የድርጅቱን የምዝገባ ወረቀትም እዪው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ ከሆነ ከላይ ያልነው ሁሉ ይሠራል። የመስጊድ ወይም የመጅሊስ (የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት) መዋቅር ከሆነ ግን አዋጅ 1113 አይመለከተውም፤ መጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነቱን ያገኘው በራሱ አዋጅ፣ በቁጥር 1207/2012 ነው። በሃይማኖት ተቋም ውስጥም ቢሆን መንፈሳዊ አገልግሎት የሚሰጠው ኢማም ወይም ቁርዓን አስቀሪና የሒሳብ ሠራተኛዋ በሕግ ፊት አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የአንቺ ሥራ የቅጥር ሥራ ነው። ጡረታሽንም አጣሪ። ከደመወዝሽ 7 በመቶ፣ 1,260 ብር፣ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ፣ 1,980 ብር፣ ይጨምርበታል። የተለመደው ችግር ተቆርጦ ገቢ አለመደረጉ ነው። ሒሳብ ክፍል ስለሆንሽ የገቢውን ደረሰኝ ማየት ለአንቺ ቀላል ነው፤ ለጥበቃውና ለጽዳት ሠራተኛዋም አብረሽ እዪላቸው።

ደመወዝ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም። የፕሮጀክት ገንዘብ በየሩብ ዓመቱ ይለቀቃል፣ ባንክ ደርሶ እስኪገባ ይቆያል፣ የድርጅቱ የራሱ ገንዘብ ደግሞ ባዶ ነው። ይህን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ቅሬታ ብቻ ይዘሽ አትግቢ፣ ሠንጠረዥ ይዘሽ ግቢ። የሚቀጥሉትን ስድስት ወራት ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ አስቀምጪና ሦስት ነገር ጠይቂ። የአንድ ወር ደመወዝ የሚያህል መጠባበቂያ ያልተገደበ ሰደቃ ከሚገባበት ሒሳብ ቀስ እያለ ይጠራቀም። ደመወዝ የሚዘገይ ከሆነ ከአምስት ቀን በፊት በጽሑፍ ይነገር። የተገኘው ገንዘብ ለሁሉ የማይበቃ ሲሆን ትንሽ ደመወዝ ያላቸው ይቅደሙ። ዘካ፣ ሰደቃ፣ ወቅፍና የፕሮጀክት ገንዘብ በአንድ የባንክ ሒሳብ ተደባልቀው ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት እነሱን መለየት ነው፤ የበሬው ገንዘብ ኪራይ ሊሆን የቻለው መደባለቅ ስላለ ይመስለናል።

ስለ ጊባ። ይህ ቃል ብዙ ቢሮዎች ውስጥ የአፍ መዝጊያ ሆኗል፤ ዑለማዎች ግን ወሰኑን ድሮ አስቀምጠውታል። ኢማም አን-ነወዊ ሰውን በሌለበት ማንሳት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል። ከእነሱ ሦስቱ ለአንቺ ናቸው፦ የተበደለ ሰው በደሉን ሊያስቆም ለሚችል አካል ማቅረቡ፣ መጥፎ ነገርን ለመለወጥ እርዳታ መጠየቅ፣ ፈትዋ መጠየቅ። ሂንድ ቢንት ዑትባ ስለ ባሏ ስስት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትናገር «ባልሽን አማሽ» አልተባለችም፤ ለእሷና ለልጆቿ የሚበቃትን በወጉ እንድትወስድ ተነገራት። ሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 148ም ክፉን በይፋ መናገር አላህ እንደማይወድ ከተናገረ በኋላ የተበደለን ሰው ለይቶ ያወጣል።

ሸይኹ ግን በግማሽ ልክ ናቸው፤ ይህንንም ልንደብቅሽ አይገባም። የተፈቀደው ሊያስተካክለው ለሚችል ሰው መናገር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አነጋገራቸውን እያስመሰሉ መሳቅ፣ ሚስታቸውን፣ የልጃቸውን ሠርግ ማንሳት ከስድስቱ ውስጥ የለም። ቢሮው ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ካለ ቀስ ብለሽ ውጪ፤ ለቅሬታሽም ክብደት ይሰጠዋል። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ማውጣትም አይበጅሽም፤ ጉዳዩ የስም ማጥፋት ክስ ሊሆንና አንቺ ተከሳሽ ልትሆኚ ትችያለሽ። የተረጂዎችን ስም ዝርዝርና የለጋሾችን ሒሳብ ቤትሽ አትውሰጂ፤ ሚስጥር በማውጣት ለመባረር ምክንያት ትሰጫቸዋለሽ። የራስሽን ውል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የታዘዝሽበትን መልእክትና የጻፍሻቸውን ማስታወሻዎች ቅጂ ግን መያዝ መብትሽ ነው።

ኸልዋን በተመለከተ ብዙ አንልም። ኸልዋ ባዕድ ወንድና ሴት ብቻቸውን ሰው በማያያቸው ቦታ መሆናቸው ነው። ስምንት ሰው የተቀመጠበት የበጀት ስብሰባ ኸልዋ አይሆንም። በር ይከፈት፣ ሁለት ሴቶች አብረው ይግቡ፣ ወንበር ይራራቅ። ካልሆነም አጀንዳው ከስብሰባው በፊት፣ ቃለ ጉባኤው በማግስቱ ይድረስሽ። ያልተሳተፍሽበትን በጀት «አዘጋጀው» በሚለው ቦታ ላይ አትፈርሚ።

ቁጣቸውን ለመቀነስ ነሲሓ (ምክር) በድብቅ ነው፣ በአንድ ጉዳይ ብቻ፣ ቁጣው በበረደበት ቀን። «ሸይኽ፣ ስህተት ሲያገኙብኝ ከስብሰባ በኋላ ጠርተው ይንገሩኝ፤ ሰው ፊት ሲሆን የምሰማው ድምፁን ነው፣ ስህተቱ ያመልጠኛል» ብትያቸው በቂ ነው። ካልሰሙሽ ከድርጅቱ ውጭ ያሉ፣ እሳቸው የሚያከብሯቸው አንድ ዓሊም ወይም የሰፈር ሽማግሌ ይግቡበት፤ አማቻቸውን ግን ለዚህ አትምረጪ። ወደ ስድብ ከተሻገረ ቀኑን፣ ቃሉንና የነበሩትን ሰዎች መዝግቢ። ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት፣ ወይም ደመወዝን የመሰለ መሠረታዊ ግዴታ በተደጋጋሚ አለመፈጸም፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ለመልቀቅ በሕግ በቂ ምክንያት ነው። ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀምሽበት ያልፋል፤ ያለ ጠበቃ ምክርም አትጠቀሚበት።

ማስታወሻሽ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘ ወደ ቦርዱ ሂጂ። ሰብሳቢው አማች ስለሆኑ ደብዳቤውን «ለቦርድ አባላት በሙሉ» ብለሽ ጻፊ፤ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ቅጂ ይድረሰው። መተዳደሪያ ደንቡን ቀድመሽ አንብቢ፤ የጥቅም ግጭት ያለበት አባል በጉዳዩ ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ የሚል አንቀጽ ካለ በቁጥሩ ጥቀሺው። ከቦርዱ ቀጥሎ የውጭ ኦዲተሩ አለ፤ ሲጠይቅሽ እውነቱን መመለስ ግዴታሽ ነው። ከዚያ የለጋሹ የቅሬታ መቀበያ ነው፤ ብዙዎቹ ለጋሾች በስምምነት ሰነዳቸው ላይ አድራሻውን ያሰፍራሉ። መጨረሻ ላይ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣኑ። ይህን ቅደም ተከተል የምንመክርሽ ለአዳብ ብቻ ብለን አይደለም፤ ከታች ጀምራ የወጣች ሰው ላይ «ድርጅቱን ልታጠፋ ነው» የሚለው ክስ አይጣበቅም። የደመወዙ ጥያቄ መንገዱ ሌላ ነው፤ የሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጋ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም።

እናትሽም ባለቤትሽም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ የባለቤትሽን ምክር ዛሬ ብትሰሚ ግን ምን እንደሚያስወጣሽ እንንገርሽ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳትሰጪ ከወጣሽ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ልትጠየቂ ትችያለሽ። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ሌላ ነው። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት ነው። ለአንቺ አምስት ወር ቀርቶሻል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ነው፦ 30 ሲደመር 40፣ 70 ቀን። በቀን 600 ብር ቢታሰብ ግብር ሳይቀነስ 42,000 ብር። ድርጅቱ የላከሽ ሥልጠና ካለ የፈረምሽውን ውል አንብቢ።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ሰነዱ በ31 ከተስተካከለ፣ ወይም ሳትፈርሚ መቆየት ከቻልሽ፣ አምስቱን ወር ሌላ ሥራ እየፈለግሽ ቆዪ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤውንም አምስት ዓመቱ ከሞላ በኋላ እንጂ ቀድመሽ አታስገቢ። ፈርሚ ወይ ውጪ ካሉሽ ግን 42,000 ብር ብሎ መፈረም የለም። አባረውሽ ከሆነ አትፍሪ፤ ሐሰተኛ ሰነድ አልፈርምም ማለት ለመባረር ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም፣ ቁጥር ያለው ማስታወሻሽ የሚጠቅምሽም ያን ጊዜ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ግን ከተባረርሽበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

በሰላም ስትለቂ ደብዳቤሽ አጭር ይሁን፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ፣ አመሰግናለሁ። የሒሳብ ሰው ተቀጥሮ ሲሠራ ሳይሆን ከሄደ በኋላ ነው ነገር የሚመጣበት፤ ርክክብሽን በጽሑፍ አድርጊው። የደረሰኝና የክፍያ ማዘዣ ጥራዞችን ከቁጥር እስከ ቁጥር ዘርዝሪ፤ የተበላሹትም ቅጠሎች ይግቡበት። ያልተጻፈባቸውን ቼኮች ቁጥር መዝግቢ። የፔቲ ካሽ ገንዘቡ ሦስት ሰው ባለበት ተቆጥሮ ይፈረም። የፒችትሪውን (የሒሳብ ሶፍትዌሩን) የይለፍ ቃል አስረክበሽ በዚያው ቀን እንዲቀየር አድርጊ፤ ካልተቀየረ ከአንቺ በኋላ የገባው ሁሉ በስምሽ ይታያል። የባንክ ፈራሚ ከሆንሽ ስምሽ እንዲነሳ የተጻፈው ደብዳቤ ባንኩ ገቢ ያደረገበትን ቅጂ ሳትይዢ አትውጪ። ያልተዘጋው የኡድሒያ ሒሳብም «ያልተፈረመ፣ የ9 በሬ ልዩነት ያለበት» ተብሎ በርክክቡ ሰነድ ላይ በአንድ መስመር ይስፈር። ቀሪ ክፍያሽ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልሽ ይገባል። የሥራ ልምድ ወረቀትሽ ላይ የሠራሽው ሥራ፣ ያገለገልሽበት ጊዜና ደመወዝሽ መጻፋቸውን እዚያው ቆመሽ አንብቢ፤ ክሊራንስ አልጨረስሽም ብለው ከያዙብሽ በጽሑፍ ጠይቂያቸው፣ የጠየቅሽበትንም ቅጂ ያዢ።